የሚዛን ጠጋኙ ልጅ ማመልከቻ

ጅማ፣ መንደራ ቆጪ
ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሩፈይዳ ቲጃኒ፤ ኖርዌይ፣ በርገን

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እኛ በሙሉ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። በሙሉ ስል የደበቅኩት እንዳይመስልሽ በተራ ልጻፈው። እናትሽ ሐጂራ ደህና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀድሞ ይነግራታል። እህትሽ ማሂራ ደህና ናት፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ገባሁ ብላ ዕቃ ማጠብ ትታለች። እኔም ደህና ነኝ። ሱቁም ደህና ነው። አቮካዶው ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ይዟል። ድመቷ ጎረቤት ገብታ ወልዳ የልጆቹ ነገር በሽምግልና ተይዟል።

ባለፈው በስልክ የነገርሽኝን ግማሹን ነው የሰማሁት። ግማሹ ሄሎ፣ ሄሎ ስንባባል አለቀ። ለዚህ ነው በወረቀት የጻፍኩት፤ ማሂራ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልክልሻለች። አንቺም እንደዚሁ በእጅሽ ጽፈሽ ላኪ። እኔ ማታ መነጽሬን አድርጌ ቀስ ብዬ ማንበብ ይሻለኛል።

የገባኝን ልዘርዝር፤ የተሳሳተ ካለ አርሚኝ።

አንደኛ፣ የዶክትሬት ጥናትሽ ስለ ግብር ነው።
ሁለተኛ፣ የጅማን፣ የአጋሮን፣ የሊሙ ገነትንና የጌራን ትንንሽ ነጋዴዎች የግብር መዝገብ ማየት ትፈልጊያለሽ።
ሦስተኛ፣ መዝገቡ መንግሥት ጋ ነው።
አራተኛ፣ መንግሥትን ማስፈቀድ ያስፈልጋል።
አምስተኛ፣ እዚህ ሆኖ ወረቀትሽን የሚያስገባ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው እኔ ነኝ።
ስድስተኛ፣ ስድስተኛውን ሰርዤዋለሁ፣ ተይው።

ከነዚህ ውስጥ እንቅልፍ የነሳኝ አራተኛው ነው። ሰው ከግብር ቢሮ ሲሸሽ እያየሁ ነው ያደግኩት። አስገቡኝ፣ ውስጥ ልቀመጥ ብሎ የሚለምን ሰው እስካሁን አላየሁም። ቢሆንም ልጄ ካለች እሄዳለሁ።

ሁለት ጥያቄ ብቻ አለኝ። መዝገቡ ላይ የሰው ስም ይታያል ወይ? ደግሞ ስንት ዓመት ወደኋላ ይሄዳል?

አላህ ከብርድና ከሚያንሸራትት መንገድ ይጠብቅሽ።

አባትሽ ቲጃኒ ሸኩር

እናትሽ ጨምር ያለችኝ፦ ካልሲ ደርበሽ አድርጊ።


በርገን
ጥቅምት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎት አባቴ

ወዓለይኩም ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ካልሲ ደርቤያለሁ። እዚህ ዝናቡ የጅማን ያስንቃል፤ ጓደኞቼ ሲያማርሩ እኔ ዝም ስል ጨዋ መስያቸዋለሁ። ኧረ እኔ ለምጄው ነው።

ዝርዝርዎ አንድም ስሕተት የለበትም። ጥናቴን በአጭሩ ልንገርዎት። ትንሽ ነጋዴ ደብተር ስለማይይዝ ግብሩ የሚወሰነው በግምት ነው። ቡና ባልያዘበት ዓመት ታዲያ ግምቱ አብሮ ይወርዳል ወይ? ስንት ሱቅስ ይዘጋል? ስንቱ መልሶ ይከፈታል? ይሄን ጅማ መርካቶ ያለ ሰው ሁሉ በአፉ ያውቀዋል። በመዝገብ ቆጥሮ ያየው ግን የለም።

ለጥያቄዎችዎ፦ ስም አይታይም። ቢሮው ስሙንና ቲን ነምበሩን አውጥቶ ለያንዳንዱ ሰው ሌላ ቁጥር ይሰጠዋል። እኔ የማየው ከተማውን፣ ሰፈሩን፣ የሥራውን ዓይነት፣ ዓመቱንና ግብሩን ነው። የጠየቅኩት አሥር ዓመት ነው፤ ከ2007 እስከ 2016።

አንድ የሚያስጨንቀኝ ነገር አለ። ፈቃዱ እስከ መጋቢት መጨረሻ ካልመጣ አማካሪዬ ርዕስ ቀይሪ ብላኛለች። የምትሰጠኝ ደግሞ የዚህ አገር የዓሣ ጀልባዎችን ነው። መረጃው ተዘጋጅቶ ቁጭ ብሏል። እሱ ውስጥ ከገባሁ ሌላ ሦስት ዓመት ከዚህ አልነቃነቅም።

የሚያስገቡልኝ ወረቀት፦ ማመልከቻው፣ ፕሮፖዛሉ፣ የአማካሪዬ የድጋፍ ደብዳቤና ምስጢር ላላወጣ የፈረምኩት ቃል። ለማሂራ ልኬላታለሁ፤ ታሳትመው።

አባ፣ ስድስተኛው ምን ነበር?

ልጅዎ ሩፈይዳ


ጅማ
ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሩፈይዳ

አሰላሙ ዓለይኩም። ጤንነታችን ከባለፈው አልተለወጠም። የድመቷ ነገር አልቋል፤ ሁለቱ ለነሱ፣ አንዱ ለኛ ተፈርዷል። ስድስተኛውን ረስቼዋለሁ።

የዘገየሁት የቡና ለቀማ ስለደረሰ ነው። በዚህ ሰሞን መርካቶ ውስጥ ሚዛን የማይሰበርበት ቀን የለም። ግን አልተኛሁም። የሠራሁትን ልዘርዝር።

አንደኛ፣ ወረቀቱን የዩኒቨርሲቲው ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ በር ላይ ያለ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄጄ በሦስት ኮፒ አሳተምኩ። የተማሪ ሰፈር ስለሆነ ጥራቱ ጥሩ ነው።

ሁለተኛ፣ ቢሮ ሄድኩ። መዝገብ ቤት ያለችው ጽዮናዊት የምትባል ልጅ ናት። ጨዋ ናት፤ ተቀመጡ አለችኝ። ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አድርጋ "አባቴ፣ የድጋፍ ደብዳቤው ማኅተም አለው፣ ቲተር የለውም" አለች። የፈረመችው ሴትዮ ስምና ማዕረግ በማኅተም አልተመታም ማለቷ ነው። "በፈረንጅ አገር ቲተር የለም ይሆናል" አልኳት። "ፈረንጅም ሰው ነው፣ ስም አለው" አለችኝ።

ሦስተኛ፣ ልወጣ ስል "መረጃው ያለ አግባብ ቢወጣ ተጠያቂው ማነው? እሷ እኮ ውጭ አገር ናት። እዚህ ላይ ግልጽ አይደለም" አለችኝ። ይሄ ገባኝ። ስለዚህ በማግስቱ ሦስት ዋስ ይዤ ሄድኩ። ቡና ሰብሳቢው ሙርሺድ የቤቱን ካርታ ይዞ፣ ሼህ ሀቢቡላህ የታደሰ መታወቂያ ይዘው፣ ጨርቅ የምትሸጠው ወይዘሮ ያለምወርቅ ደግሞ ነጠላዋን ለብሳ። አራት ሆነን በአንድ ባጃጅ ሄድን፤ እኔ ከሹፌሩ ጎን በግማሽ መቀመጫ።

ጽዮናዊት ቀና ብላ አየችን።

"እነዚህ እነማን ናቸው?"

"ዋሶች ናቸው" አልኳት።

"የምን ዋስ?"

"ልጄ መዝገቡን ይዛ ብትጠፋ።"

ሙርሺድ ከኋላዬ ሆኖ "እኔ ለመዝገቡ ብቻ ነው የመጣሁት። ባል ሳታገባ ብትቀር አልጠየቅም" አለ። ሼህ ሀቢቡላህ በክርናቸው ጎሰሙት። ጽዮናዊት ፊቷን በፋይል ሸፍና ሳቀች። ከዛ ተነስታ ለሁላችንም ወንበር አመጣች። "ሃያ ሰው እዚህ መጥቶ ዋስ አጣሁ ይለኛል። እናንተ ሳትጠየቁ ዋስ ሆናችሁ መጣችሁ። ለጥናት ዋስ የሚባል ነገር የለም አባቴ፤ እሷ ራሷ በጽሑፍ ትመልስ" አለች። ያለምወርቅ ነጠላዬን አጥቤ መጥቼ ብላ እስካሁን ታኩርፋለች።

አራተኛ፣ መጥፎው። ወሬው መርካቶን ዞረ። "የቲጃኒ ልጅ የሁላችንንም ግብር ፈረንጅ አገር ሆና ልታነብ ነው" ተባለ። ሻይ ቤት ስገባ ወሬ ይቆማል። ሙርሺድ ይቀልዳል፤ "ለሚስቴ ብቻ እንዳትነግሪ በላት" ይላል። ፋሂም ግን አልቀለደም። እዚሁ ፊት ለፊቴ ያለው ቡና ገዢ ፋሂም ሚዛኑ ተሰብሮ ሦስት ቀን በሰው ሚዛን እየለመነ መዘነ። እኔ ጋ ላለማምጣት። ሃያ ዓመት ጎረቤቴ ነው።

ልጄ፣ ምን ልበላቸው?

አባትሽ

እናትሽ፦ ዓሣ ምን አደረገሽ በላት፤ እኛ ከዓሣ ጋር ዝምድና የለንም።


በርገን
ኅዳር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባቴ

ወዓለይኩም ሰላም። የባጃጁ ነገር ላይ ስደርስ ባቡር ውስጥ ነበርኩ። ብቻዬን ስስቅ ጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ቦታ ቀየረ።

ስለ ቲተሩ፦ ለአማካሪዬ ምን እንደሆነ ማስረዳት ጊዜ ፈጀብኝ። ከገባት በኋላ ሄዳ አሠራች፤ በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነው። አሁን በየወረቀቱ ላይ እየመታች ነው፤ ትናንት የልደት ካርድ ላይ አይቼዋለሁ። አዲሱን ደብዳቤ ልኬዋለሁ።

ስለ ተጠያቂው፦ ጽዮናዊት ልክ ናት፤ እኔ ነኝ በደንብ ያልጻፍኩት። አሻሽዬዋለሁ። ለዋሶቹ አመሰግናለሁ በሉልኝ። ሙርሺድን ደግሞ ስለ ባል የሚጠየቅ ዋስ ስፈልግ እጠራሃለሁ በሉት።

ለመርካቶ ሰዎች በሌላ ወረቀት ጽፌያለሁ። ሻይ ቤት ጮክ ብለው ያንብቡላቸው። አጭር ነው። "የማንንም ስም አላይም፣ አልፈልግምም። ማወቅ የምፈልገው ቡና ባልያዘበት ዓመት ግምታችሁ አብሮ ወርዶ እንደሆነ ነው። ከወረደም ጥሩ፣ ካልወረደም ይታወቅ" ነው የሚለው።

ፋሂም ካኮረፈ መጀመሪያ ሚዛኑን ይሥሩለት። ወረቀቱን በኋላ።

ልጅዎ

ለእማ፦ ዓሣው እኔንም አልፈለገኝም።


ጅማ
ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለሩፈይዳ

አሰላሙ ዓለይኩም። ደህና ነን። ገለቶሚ ኢንተላኮ፣ አመሰግናለሁ ልጄ፤ ምክርሽ ሠርቷል።

ፋሂም ሱቅ ገብቼ ሳልጠይቀው ሚዛኑን ተሸክሜ ወጣሁ። ስወስድ አላናገረኝም፤ ስመልስለትም አላናገርኩትም። በሦስተኛው ቀን ሻይ ቤት ወረቀትሽን አነበብኩ። ከዛ ፋሂም "አምና ጆንያ ሳይሞላ የቀረው ቡናዬስ? እሱም ይታያል?" አለ። "እሱን ነው ማየት የምትፈልገው" አልኩት። "ታዲያ ከመጀመሪያው እንዲህ አትልም ነበር" ብሎ ሻዬን ከፈለ። በሱ ቤት ይቅርታ መሆኑ ነው።

ማመልከቻሽ ገብቷል። ቁጥር ተሰጥቶታል። ወደ አዲስ አበባ፣ ኮሚቴ ወደሚባለው ተልኳል። የቲተሩን ነገር ጽዮናዊት ሁለቴ አይታ "አቤት፣ ወፍራም ቀለም" አለች።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለኔ አይደለም፤ ለአንድ ሰው ነው።

ስም የለም አልሽ። ቁጥር ነው አልሽ። ግን ከተማው ይጻፋል፣ ሰፈሩ ይጻፋል፣ ሥራው ይጻፋል። እሺ። መርካቶ ውስጥ ልብስ ሰፊ ስንት ነው? አርባ ይሆናል። ጫማ ጠጋኝ? ከሠላሳ አያንስም። አንዱ የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። ሚዛን ጠጋኝስ? "ጅማ፣ መርካቶ፣ ሚዛን ጠጋኝ" ከተባለ ስሙን ማውጣት ምን ዋጋ አለው? ሰውዬው ኮፍያውን አወለቀ እንጂ ፊቱን አልሸፈነም።

ደግሞ የግድ አሥር ዓመት መሆን አለበት ወይ? አምስት ዓመት አይበቃም? 2010ንና አካባቢውን ብትዘልዪው ሥራ ይቀልልሽ ነበር።

ዝም ብዬ ነው።

አባትሽ

እናትሽ ዛሬ የምትጨምረው የለም ብላኛለች። አኩርፋኝ ነው፣ በሌላ ነገር።


በርገን
ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባቴ

ሰላምና ጤና ለቤቱ ሁሉ። ስድስት ሳምንት ዘገየሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። በስልክ ደህና ነኝ እያልኩ አልፍ ነበር። እውነቱን ልንገርዎት፦ መልስ እየጠበቅኩ ነበር፤ መልሱ መጣ፣ ጥሩ አይደለም። ይሄን ደግሞ ሄሎ ሄሎ እየተባባልን መናገር አልፈለግኩም።

ኮሚቴው አልከለከለም፣ አልፈቀደምም። ጥያቄ ልኮ መልሽ አለኝ። የመጀመሪያው ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ "በአንድ ከተማ ውስጥ አንድ ብቻ የሆነ ነጋዴ ስሙ ቢወጣም ማንነቱ እንዳይታወቅ አመልካቿ ምን ታደርጋለች?"

አባ፣ ይሄ የእርስዎ ጥያቄ ነው። በታኅሣሥ ጽፈውልኝ ስቄ አልፌዋለሁ። አባቴ እንደ ልማዱ ተጨንቆ ነው ብዬ። ለአማካሪዬ ሳሳያት "አባትሽ የት ነው የተማሩት?" አለችኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል፣ ጅማ አልኳት። ብድግ ብላ መስኮቱ ጋ ሄደች።

ጥሩ መልስ ለመጻፍ ሁለት ነገር እፈልጋለሁ። አንዱ፣ በየከተማው አንድ ወይም ሁለት ብቻ የሆኑ ሥራዎችን ይዘርዝሩልኝ። ስም አልፈልግም፣ ሥራውን ብቻ። ዝርዝር ላይ እርስዎን የሚያህል የለም።

ሌላው፣ ያ የጠየቁለት ሰው። ማን እንደሆነ አልጠይቅም። ግን ምን እንዳይታይበት እንደሚፈራ ባውቅ ይጠቅመኛል። ኮሚቴው ሰው ምን እንደሚጎዳው እንድጽፍ ይፈልጋል፣ እኔ ደግሞ ከመጽሐፍ ገልብጬ መጻፍ አልፈልግም።

የቀረኝ ሁለት ወር ነው። የጀልባዎቹ ፋይል ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። አልከፈትኩትም።

ልጅዎ ሩፈይዳ


ጅማ
የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ

አሰላሙ ዓለይኩም። ረመዳን ሊገባ ሳምንት ቀርቶታል፤ አላህ በሰላም ያድርሰን።

በመጀመሪያ ዝርዝሩ። አጋሮና ሊሙ ገነት በሚኒባስ ሄጄ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ጌራን በስልክ ጠይቄያለሁ።

ጅማ መርካቶ፦ ሚዛን ጠጋኝ፣ አንድ። ጃንጥላ ጠጋኝ፣ አንድ፤ በዚህ ዝናብ አገር አንድ መሆኑ ይገርማል። የበቅሎ ኮርቻ ሠሪ፣ ሁለት፤ አይነጋገሩም።
አጋሮ፦ የወፍጮ ድንጋይ የሚወቅር፣ አንድ። የጥርስ ሐኪም ነኝ የሚል፣ አንድ፤ ፈቃዱ ግን የፎቶ ቤት ነው።
ሊሙ ገነት፦ የሰዓት ሠሪ፣ አንድ። ሱቁ ያለው ሰዓት የቆመ ነው።
ጌራ፦ የማር በርሜል የሚበይድ፣ አንድ።

አሁን ሁለተኛው። ይሄን ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። እናትሽ "ካልጻፍክ እኔ እጽፈዋለሁ፣ የኔ ደግሞ ይከፋል" ስላለችኝ ነው።

ሰውዬው ሚዛን ጠጋኝ ነው።

በ2010 አንቺ ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ነበርሽ። የዛን ዓመት ሰው ሁሉ ዲጂታል ሚዛን ገዛ። እኔ የማውቀው ሞላ ያለውን፣ ክንድ ያለውን፣ ድንጋይ የሚጫንበትን ነው። ዲጂታሉን ስፈታው ውስጡ ሬዲዮ ነው። ሦስት ወር አንድ ደንበኛ ሳይመጣ በር ላይ ተቀመጥኩ። ከዛ ፈቃዴን መለስኩ፣ ሱቁን ቆለፍኩ። ለሰው ሁሉ "አጋሮ ትልልቅ ሚዛን ልጠግን እመላለሳለሁ" አልኩ። ላንቺም እንደዛ ነው ያልኩሽ። አጋሮ የሠራሁት ግን አቶ ሙኒር የሚባል ሰው የቡና መጋዘን ውስጥ ነው። ጆንያ ተሸክሜ አስቀምጣለሁ፣ እመዝናለሁ፣ መልሼ አወርዳለሁ። አሥራ አንድ ወር። አንቺ በየደብዳቤሽ "ሱቁ እንዴት ነው?" ትይኝ ነበር። "ደህና ነው" እልሽ ነበር። ተቆልፎ ደህና ነበር።

እዛ መጋዘን ጥግ ላይ አንድ የሞተ ዲጂታል ሚዛን ተጥሎ ነበር። በየምሳ ሰዓቱ እየፈታሁ እየገጠምኩ አሥራ አንድ ወር ታገልኩት። አንድ ቀን በራ። ዜሮ አሳየኝ። ከዛ በፊትም ከዛ በኋላም ዜሮ እንደዛ ደስ ብሎኝ አያውቅም። በወሩ ሱቁን ከፈትኩ።

መዝገቡ ላይ ግን ሌላ ዜሮ ነው ያለው። "2010፣ ሚዛን ጠጋኝ፣ ዜሮ።" የፈራሁት እሱን ነው። ቢሮውን አይደለም፣ ፋሂምንም አይደለም። አንቺ እዛ ዝናብ ውስጥ ቁጭ ብለሽ በጣትሽ ስትወርጂ እዛች ጋ ደርሰሽ ጣትሽ እንዳይቆም ነው።

ይሄን ለኮሚቴው ብትጽፊው እኔ ምንም አልልም። ስሜን ብቻ አውጪ።

አባትሽ ቲጃኒ

እናትሽ፦ ጎሽ በለው አለችኝ። ማንን እንደሆነ አልገባኝም።


በርገን
መጋቢት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባቴ

ወዓለይኩም ሰላም፣ ዒድ ሙባረክ። አላህ ጾማችሁን ይቀበል። በዒድ ቀን ስደውል ስለ ደብዳቤው ምንም ያላልኩት ረስቼው አይደለም። በወረቀት የተነገረኝን በወረቀት ልመልስ ብዬ ነው።

አባ፣ አውቅ ነበር።

ሀዋሳ አንድ ክፍል አብራኝ የምታድረው ልጅ ጊፍቲ ትባላለች። ጊፍቲ ሙኒር፣ ከአጋሮ። ለዕረፍት ቤቷ ሄዳ ስትመለስ "አባትሽ እኛ መጋዘን ናቸው። አባቴ ግማሽ ኪሎ እንኳን ወደራሱ ሊያጠጋጋ ሲል ወላሂ ሚዛኑን አልለቅም ይሉታል። ገበሬው ሁሉ ሰልፉን ትቶ እሳቸው ጋ ነው የሚሰለፈው" አለችኝ። እርስዎ ራስዎ ስላልነገሩኝ እኔም ማወቄን ደበቅኩ። ሱቁ እንዴት ነው እያልኩ የጠየቅኩት እውነቱን ይነግሩኝ እንደሆን ብዬ ነበር። ደህና ነው ሲሉኝ ደህና አልኩ። እርስዎ ሰባት ዓመት ደበቁ፣ እኔም ሰባት ዓመት። ዝም ማለቱን ከማን እንደወረስኩት አሁን ግልጽ ነው።

ጥናቱስ ከየት የመጣ ይመስልዎታል? ክፉ ዓመት መዝገብ ላይ ምን ይመስላል ብዬ የጀመርኩት ከዛች ዜሮ ነው። መዝገቡ ዜሮ ብሎ ያልፋል። ከዜሮው ጀርባ ጆንያ የሚሸከም ሰው እንዳለ ያወቅኩት በእርስዎ ነው።

ለኮሚቴው የጻፍኩት ይሄ ነው። በአንድ ከተማ ከአሥር ያነሰ ሰው የሚሠራው ሥራ ለብቻው አይታይም፤ መዝገቡ ለኔ ሳይሰጥ በፊት ቢሮው "ልዩ ልዩ ጥገና" በሚል ውስጥ ይቀላቅለዋል። ሚዛኑ፣ ጃንጥላው፣ ኮርቻው፣ የቆመው ሰዓት፣ ሁሉም አንድ ላይ። የእርስዎን መስመር እኔም ብፈልግ አላገኘውም። ዝርዝርዎን አባሪ አድርጌ አያይዣለሁ። ያ ጥርስ የሚነቅለው ፎቶ አንሺ ግን እንዳይጋለጥ ትቼዋለሁ።

ትናንት ተፈቀደ።

አማካሪዬ የጀልባዎቹን ፋይል ራሷ መጥታ ከጠረጴዛዬ ላይ አነሳች። ቲተሯን ይዛ ነበር የመጣችው።

አንድ ነገር ግን አለ። መዝገቡ ከቢሮ አይወጣም። በኢሜይል አይላክም፣ በፍላሽ አይገለበጥም። ኢንተርኔት በሌለው ኮምፒውተር፣ ጅማ ቅርንጫፍ ውስጥ ባለ አንድ ክፍል ተቀምጬ ነው የማየው። ዋናው ደብዳቤ ለጽዮናዊት ተልኳል። ሄደው ይቀበሉልኝ፤ ቀኑ እሱ ላይ አለ።

ልጅዎ ሩፈይዳ


ጅማ
ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሩፈይዳ ቲጃኒ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ሁላችንም ደህና ነን፤ ዛሬ አልዘረዝርም፣ የምዘረዝረው ሌላ ነገር አለኝ።

አንደኛ፣ ያንቺን ደብዳቤ ካነበብኩ በኋላ ለሙርሺድ የአጋሮውን ነገር ራሴ ነገርኩት። ልምምድ ይሁነኝ ብዬ። "እሱን እኮ ሁላችንም እናውቃለን። እዛ መጋዘን ቡና ስናስገባ ጆንያ ተሸክመህ አይተን በሌላ በር እንወጣ ነበር፣ እንዳታፍር" አለኝ። ፋሂም ደግሞ "እኔ ሚዛኔን ሱቅህ እስኪከፈት ሰብሬ አስቀምጬልህ ነበር" አለ። ስለዚህ ኮሚቴው ስሜን ከፈረንጅ ሊደብቅ ይችላል፣ ከመርካቶ ግን አይችልም።

ሁለተኛ፣ የምትሠሪበትን ክፍል ሄጄ አየሁ። ሦስተኛ ፎቅ ነው። ወንበሩ አንድ እግሩ ያጥራል፤ ጽዮናዊትን አስፈቅጄ ከሥሩ ጎማ አድርጌለታለሁ። መስኮቱ በቆሎ ተራን ያሳያል። ከቤታችን በባጃጅ አሥራ አንድ ደቂቃ፤ ዝናብ ካለ አሥራ ስምንት።

ሦስተኛ፣ ማሂራ አልጋሽን ለቃለች። ተጣልተን ነው፣ ግን ለቃለች። ያችኛዋ የተፈረደችልን ድመት ትራስሽ ላይ ነው የምትተኛው፤ እሱን ከራሷ ጋ ተነጋገሪ።

አራተኛ፣ ደብዳቤውን ስቀበል ጽዮናዊት አንድ ቅጽ ሰጠችኝ። "አጥኚዋ እዚህ በምትቆይበት ጊዜ ተጠሪ የሚሆን ሰው ይፈርም" ይላል። "ዋስ ማለት ነው?" አልኳት። እስክሪብቶ አቀብላኝ "ይሁን፣ ዋስ ይበሉት አባቴ" አለች። ፈረምኩ። ሙርሺድን አልጠራሁትም፤ ይሄን ብቻዬን ነው የምሆነው።

አምስተኛ፣ እናትሽ ካልሲውን ተይው፣ እዚህ አያስፈልግም ብላለች።

ስድስተኛ፣ በጥቅምት የሰረዝኩትን አልረሳሁትም። "መቼ ትመጫለሽ?" የሚል ነበር። አራት ዓመት ሙሉ በየስልኩ መጨረሻ ልጠይቅሽ እልና እውጠው ነበር፤ አንቺን እንዳያስጨንቅ። አሁን መጠየቅ አያስፈልገኝም። ደብዳቤው ላይ "ከግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ" ይላል። ማኅተም አለው። ቲተርም አለው።

ዋስሽ
አባትሽ ቲጃኒ ሸኩር